ጭራዋን ወደፊት አድርጋ የመጣችው ቮልስ

ሜልበርን፦ ይህ ገጽ ዘወትር ይዞላችሁ የሚቀርበው የአገር ቤቱን ወሬ፣ የድርጅቶችን መግለጫና የሰልፍ ጥሪ መሆኑን እናውቃለን። ዛሬ ግን ከዚያ ወጣ ብለን ስለ አንዲት ሞተሯ ስለማይነሳ ቮልስዋገን ልናወጋችሁ ነው። ምክንያት አለን። አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ ጠግኖ፣ በትርፍ ሰዓቱ የሚያሳምር ወገን በዚህ ከተማ እናውቃለን፤ ሁሉም መኪናውን የሚያመጣው ከሩቅ ገጠር ነው፤ ሁሉም የሚያመጣው ደግሞ በጓደኛ፣ በብድርና በችኮላ ነው። እኛም እንደዚያው አድርገን በባላራት መንገድ ላይ ለጥቂት ተርፈናል። የተረፍነው በምን እንደሆነ ሳንጽፍ ብናልፈው ነገ ሌላው በዚያው ቁልቁለት ይሄድበታል።

ነገሩ የተጀመረው ፉትስክሬይ ውስጥ፣ ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች በአንደኛው ነው። የከተማው ሰው በሙሉ ጋሼ የሚላቸው አንድ አባት አሉ። ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም፤ እኛም አንጠቅስም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በኛ አቆጣጠር፣ በአሰብ መንገድ ላይ የኤንትሬ ረዳት ነበሩ። የፊያትን ኤንትሬ ከነተሳቢው የማያውቅ ትልቅ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ጋሼ ከረዳትነት ወደ ሹፌርነት ተሸጋግረው፣ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅመው አንዲት ያገለገለች ቮልስ ገዙ። በ1970 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ሲወጡ ቁልፏን ለታናሽ ወንድማቸው ሰጡ። ወንድምዬው ለተወሰኑ ዓመታት ነዳትና ሸጣት። ጋሼ ስለቀረባቸው ነገር ብዙ የሚያወሩ ሰው አይደሉም፤ ስለ ቮልሷ ግን ሲያወሩ አምሽተው አይጠግቡም።

ታዲያ አንድ ቀን ከባላራት ወዲያ ባለ እርሻ፣ የበግ ጸጉር ይከማችበት በነበረ መጋዘን ውስጥ፣ የ1966 ቮልስ እንደምትሸጥ ሰሙ። ከ20 ዓመት በላይ አልተነሳችም። ባለቤቱ የሞቱ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ልጆቻቸው መጋዘኑን ሊያጸዱ ነው። ጋሼ ሳያዩዋት ገዟት። «ሳታያት?» ብለን ስንደነግጥ፣ «ልጄ፣ እኔ እሷን በ1969 ነው ያየኋት» አሉን።

ይህች መኪና ለሜልበርን ባዕድ አይደለችም። ቮልስዋገን በዚሁ ከተማ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ክሌይተን በሚባለው ሰፈር፣ ከ1954 እስከ 1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይገጣጠም ነበር። ማሞ ወልዴና ጓደኞቹ በ1956 እዚሁ ሜልበርን መጥተው ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሰለፍ፣ ክሌይተን ላይ ቮልስ ይገጣጠም ነበር ማለት ነው። ለኛ ትውልድ ደግሞ ቮልስ ሌላም ትዝታ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በሮልስ ሮይስ ሳይሆን በቮልስ ነው። ሁለት በር ብቻ ባላት መኪና፣ የፊት ወንበር ታጥፎ ከኋላ ገቡ። በዚያ ቡና ቤት የመኪናዋን ቀለም በተመለከተ የተነሳው ክርክር የቡናውን ሦስተኛ አስቀዘቀዘ፤ ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ጉዞ ላይ የተሰለፍነው አምስት ነበርን። ጋሼ፣ ዓመታት ታክሲ የነዳና አሁን ፕራዶ ያለው አንድ ወዳጃችን፣ የወዳጃችን የ18 ዓመት ልጅ፣ እንዲሁም የዚህ ገጽ ሁለት አዘጋጆች። ሁላችንም መኪና እናውቃለን ባዮች ነን።

በመጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ ገመድ ነበር። እንዲያውም ከመካከላችን አንዱ ወፍራም የናይለን ገመድ ገዝቶ መጥቷል። አዲስ አበባ ላይ ያደገ ሰው ይህን አይደነቅበትም፤ መኪና ቆመ ማለት ወይ ሠፈር ወጥቶ ይገፋል፣ ወይ ከፊተኛው መኪና ጋር በገመድ ይታሰራል። እዚህ ግን ሕጉ ሌላ ነው። በአውስትራሊያ የመንገድ ደንብ መሠረት አንዱ መኪና ሌላውን በገመድ ሲጎትት በመካከላቸው ከ4 ሜትር በላይ ርቀት መኖር የለበትም። ገመዱ ከ2 ሜትር ከረዘመ ደግሞ በየጎኑ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ወይም ደማቅ ጨርቅ ይንጠለጠልበታል። ቦሎ የሌላት መኪና ጎማዋ አስፋልት ከነካ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ከሕጉም በላይ ግን ዋናው ነገር ፍሬን ነው። በገመድ የምትጎተት መኪና የምትቆመው በራሷ ፍሬን ብቻ ነው። ከ20 ዓመት በላይ የቆመች ቮልስ ፍሬን የላትም፤ ወይም ያላት እንደ ድንጋይ ተጣብቆ ነው። ፊተኛው ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ኋለኛው ግንዱ ውስጥ ይገባል። በኛ አገር ይህ ሲደርስ አይተናል፤ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስለሆነ እየሳቅን አልፈነዋል። በዌስተርን ፍሪዌይ በ100 አይሳቅም።

ሁለተኛው አማራጭ ክሬን መጥራት ነበር። መኪናዋን በዝርግ ጀርባው ላይ ጭኖ እስከ በር ያደርሳል፤ እውነቱን ለመናገር፣ ልምድ ለሌለው ሰው የሚሻለው ይህ ነው። አንድ ነገር ግን እንዲታወቅ እንፈልጋለን፤ በተለይ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ይያዙልን። በሜልበርን አደጋ የደረሰበትን መኪና የሚያነሳው ክሬን ዋጋው በመንግሥት የተወሰነ ነው፤ የሚላከውም በ13 11 76 በሚደወልለት የምደባ ማዕከል በኩል ነው። አደጋ ቦታ ላይ ሳይጠራ ደርሶ «ፈርም» የሚል ሰው ሕገወጥ ነው። ለተበላሸ ወይም ለማይነሳ መኪና የሚመጣው ክሬን ግን የዋጋ ወሰን የለበትም። ስለዚህ ዋጋውን አስቀድሞ፣ በጽሑፍ፣ በኪሎ ሜትር ነው ወይስ በጠቅላላው ብሎ መስማማት ነው። ለኛ የተነገረን ዋጋ ለመኪናዋ ከተከፈለው ጥቂት ብቻ ያነሰ ነበር፤ ጋሼም እምቢ አሉ። ተሳቢ ተከራየን።

ተሳቢ ስንከራይ የመጀመሪያ ስህተታችንን ሠራን፤ የሰጡንን ተቀበልን። ያከራየን ቦታ ሁለት የመወጠሪያ ቀበቶ ሰጠን፣ የአንደኛው ጫፍ ተተልትሏል። የተሳቢው የግራ ፍሬቻ አልፎ አልፎ ነበር የሚበራው። ወዳጃችን «ይሠራል፣ ነካ ሲያደርጉት ይሠራል» አለ። ጋሼ አልሰሙም ብለን እንጂ ብለውን ነበር። ከፕራዶው ላይ ዘለው ወርደው፣ የተሳቢውን ጎማ በእግራቸው ነካ ነካ አድርገው፣ ሶኬቱን ነቅለው በጨርቅ ጠርገው መልሰው ሰኩት፤ በራ። ቀበቶውን ግን እኛ ገዝተን ነው የተካነው፤ አራት አዲስ።

ተሳቢው ባዶውን 720 ኪሎ ይመዝናል። ቮልሷ ወደ 760 ኪሎ ናት። አንድ ላይ 1,480 መሆኑ ነው። በዚህ አገር ደንብ ከነጭነቱ በጎማዎቹ ላይ ከ750 ኪሎ በላይ የሚያርፍበት ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው፤ ከ2,000 ኪሎ ካለፈ ደግሞ ፍሬኑ በሁሉም ጎማ ላይ ሆኖ፣ ተሳቢው ከመኪናው ቢለያይ በራሱ የሚይዝ መሆን አለበት። የኛ ተሳቢ ፊተኛው መኪና ሲያዝ ወደፊት በሚገፋው ኃይል ራሱን የሚይዝ ዓይነት ነበር። ከታች የሚያያዘው ሰንሰለት ጌጥ አይደለም። መጋጠሚያው ከኳሱ ላይ ቢወልቅ ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያቆየው እሱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ልጁ «እኔ ልንዳ» አለ። ሜልበርን ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ያዘነብላል፣ ጉጉቱ ግን ንጹሕ የኛ ነው። መስታወቱ ላይ ቀይ ፒ ለጥፏል። በቪክቶሪያ ቀይ ፒ ያለው ሹፌር፣ ከሥራ ጋር በተያያዘ ወይም በሥልጠና ካልሆነ በስተቀር፣ ተሳቢ መጎተት አይፈቀድለትም። አባቱ ይህን ሲነግረው፣ «እሺ፣ ቮልሷ ውስጥ ልቀመጥ» አለ። ይህም አይሆንም፤ ተሳቢ ላይ ሰው አይጫንም። ፕራዶው የኋላ ወንበር ላይ ከኛ ጋር ተጣብቦ ሄደ።

መጋዘኑ ስንደርስ ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገሩም። መኪናዋ የእርግብ ኩስ ለብሳለች። ክብ የፊት መብራቶቿ አንደኛው ተሰብሯል። ጋሼ ኮፋኖዋን በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉና «መሪዋ በቀኝ ነው» አሉ፤ ሌላ ነገር ግን አላሉም። የኛ አገር መንጃ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር የተዛወረው በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ እርሳቸው መሪ ሲጨብጡ ሁሉም መሪ በግራ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ ሦስት ሰዓት ወሰደ፤ ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚዘለው ይህን ክፍል ስለሆነ ዘርዘር እናድርገው። በመጀመሪያ እሳት። የቮልስ የቤንዚን ታንከር ከፊት፣ ኮፋኖው ሥር ነው፤ ባትሪዋ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር። የድሮ ወንበር ምንጭ ሽቦው ተንጠልጥሎ ባትሪውን ሲነካ የተቃጠለች ቮልስ ብዙ ናት። ጋሼ ባትሪውን አስወጡ፤ በታንከሩ የቀረውን፣ ሽታው ቫርኒሽ የሆነ ቤንዚን፣ በተገቢው ጀሪካን ቀዱት። ከመካከላችን ሲጋራ የሚያጨሰውን ወደ በጎቹ ሰደዱት።

ቀጥሎ ጎማ። ሁለቱ ጎማዎች ሲነፉ ያዙ፤ ሁለቱ አልያዙም። ወዳጃችን ይህን ገምቶ ከአንድ የሚያውቀው ሰው የ1970ዎቹ ቮልስ ጎማ ከነቸርኬው ተውሶ መጥቷል። አልገጠመም። የ1966 ቮልስ ጎማዋ የሚታሰረው በ5 ብሎን ነው፤ ተውሰን የመጣነው በ4። ቀጥቅጠን እንግጠመው ያለም ነበር፤ ስሙን አናወጣም። መጨረሻ ላይ በጥገኛ ጎማዋና በአንድ የቀድሞ ባለቤት ትርፍ ጎማ ተገላገልን።

ሦስተኛው ፍሬን ነበር። የኋላ ግራ ጎማ አልዞር አለ። ጋሼ በክሪክ አነሷት፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም ብለው በግንድ አስደገፏት። ጎማውን ፈትተው ታምቡሩን በመዶሻ ዙሪያውን ነካ ነካ አደረጉት፤ አልለቀቀም። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ሽቦ ከመዘውሩ ሥር አላሉት፤ በማስተካከያው ቀዳዳ በኩል ቀጭን ጠመንዝያ አስገብተው ኮከብ መሰሏን ጥርስ ወደኋላ መለሷት። የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ ሲላቀቅ ድምፁ በመጋዘኑ ተሰማ። ያንን ጎማ እንደተጣበቀ እየጎተትን ተሳቢው ላይ ብንጭነው ኖሮ፣ ወይ ጎማው ይቀደዳል፣ ወይ የመጎተቻው ሽቦ ይበጠሳል። ሽቦ ሲበጠስ ደግሞ የሚመታው ከፊቱ የቆመውን ነው።

ለመጫን በተሳቢው ግንባር ላይ ያለውን የእጅ ዊንች ተጠቀምን። ጋሼ የሽቦውን መሐል በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈኑት፤ ቢበጠስ ብርድ ልብሱ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። በሽቦው አቅጣጫ ማንም እንዳይቆም፣ ከመኪናዋ ኋላም ማንም እንዳይገፋ ከለከሉ። ልጁን ግን ሥራ ሰጡት፤ ታኮ። «እኔ አባይ በረሃም ሆነ ጣርማ በር ላይ ታኮ ይዤ ስሮጥ ያንተን ዕድሜ አክል ነበር» ብለው ጎን ለጎን እየሄደ፣ መኪናዋ አንድ ስንዝር በወጣች ቁጥር እንጨቱን ከጎማው ኋላ እንዲያስገባ አሳዩት። ሹፌሩ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ሲጠፋበት ሕይወቱ የተንጠለጠለው በረዳቱ ድንጋይ ላይ እንደነበር ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። ልጁ በዚያ ቀን ከሁላችንም የተሻለ ሠራ።

እንግዲህ ስህተቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። መኪና ተሳቢ ላይ ሲወጣ አፍንጫውን ወደፊት አድርጎ ነው የሚወጣው፤ ሁላችንም ያየነው እንደዚያ ነው። እኛም ቮልሷን እንደዚያ ጫንናት፤ የፊት ጎማዎቿ ግንባሩ ጋ ሲደርሱ ቆመች፣ አሰርናት። ጋሼ ያኔ የእርሻው ልጆች ያቀረቡላቸውን ሻይ ሊጠጡ ወደ ቤት ገብተው ነበር።

አስተሳሰራችን ራሱ ክፉ አልነበረም። በዚህ አገር የጭነት ደንብ መሠረት ጭነቱ የታሰረበት ነገር፣ ወደፊት የክብደቱን 80 በመቶ፣ ወደኋላና ወደጎን ደግሞ ግማሹን ያህል ኃይል መቋቋም አለበት። ለ760 ኪሎዋ ቮልስ ወደፊት ከ600 ኪሎ በላይ፣ ወደኋላ 380 ማለት ነው። በየቀበቶው ላይ በተሰፋው ወረቀት ኤል ሲ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የቀበቶው አቅም ነው፤ እሱ የሌለበት ቀበቶ ልብስ ማስጫ ነው። የዊንቹ ሽቦ መጎተቻ እንጂ ማሰሪያ አይደለም። ሁለት ቀበቶ ወደፊት፣ ሁለት ወደኋላ ወጠርን። ፊት ለፊት በአክሱ ቱቦ ዙሪያ፣ የፍሬን ጎማ ቧንቧውንና የመሪውን ዘንግ ሳይነካ፤ ከኋላም እንደዚሁ ከጎማው ጋር በሚንቀሳቀሰው ብረት ላይ። ፓራውልት ላይ ያሰረ ሰው ፓራውልቱን ብቻ ይዞ ቤቱ ይደርሳል።

ግን አንድ ነገር አላየንም። የፕራዶው ኋላ ዝቅ ማለት ሲገባው ከፍ ብሎ ነበር።

መንገዱ እስከ ባላን ድረስ ደህና ነበር። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄድን ቆመን ቀበቶዎቹን እንደገና ወጠርን፤ አንደኛው ላልቷል። ከባላን በኋላ መንገዱ በፔንትላንድ ሂልስ በኩል ወደ ባከስ ማርሽ ይወርዳል። እንደ አባይ በረሃ ባይሆንም ረጅም ቁልቁለት ነው፤ ነፋሱም ከጎን ይመታል። ወዳጃችን 95 ላይ ነበር። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በቀኝ በኩል አልፎን ሲሄድ የነፋሱ ግፊት ተሳቢውን ነካው። ተሳቢው ወደ ግራ ሄደ፣ ተመለሰ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሰፋ። በሦስተኛው ፕራዶውም አብሮ መወዛወዝ ጀመረ፤ በመስታወቱ ውስጥ ቮልሷ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ትታየናለች።

ወዳጃችን እግሩ ወደ ፍሬን ሄደ። ጋሼ ከፊት ወንበር ላይ ጮኹ፦ «ፍሬን እንዳትይዝ! ነዳጅ ልቀቅ! መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ አትከተለው!»

ያን ጊዜ ያዳነን ይህ ነው። ተሳቢ ሲወዛወዝ ፊተኛውን መኪና ድንገት መያዝ ኋላ ያለውን ጭነት በጎን ገፍቶ መኪናውን ማጠፍ ነው። መሪውን እየተከተሉ ማስተካከልም የተሳቢውን ውዝዋዜ ያባብሰዋል። እግርን ከነዳጅ ማንሳት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ፍጥነቱ ራሱ እስኪወርድ መጠበቅ። ፍሬኑን በእጅ የሚይዙት ኤሌክትሪክ ተሳቢ ቢሆን የተሳቢውን ብቻ ለስለስ አድርጎ መያዝ ይረዳል፤ የኛ እንደዚያ አልነበረም። ወዳጃችን ታዘዘ። ማርሽም ቀነሰ። ውዝዋዜው ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በመኪናው ውስጥ ማንም የተናገረ የለም፤ ልጁ ብቻ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል አለ፣ አባቱም አልገሠጸውም። ባከስ ማርሽ መውጫ ላይ ወረድን። «ስሙ ራሱ ማርሽ ቀንስ ይልሃል» አሉ ጋሼ፤ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጸጥ ያለና ሜዳ የሆነ ቦታ ፈልገን ቆምን። በፍሪዌይ ጠርዝ ላይ ይህን መሥራት ሞትን መጥራት ነው። ጋሼ የተሳቢውን የፊት ጎማ ዝቅ አድርገው መጋጠሚያውን ከኳሱ ላይ ሲያላቅቁት በአንድ እጃቸው አነሱት። የሰባ ዓመት ሰው! ከዚያ ዞር ብለው አዩን። «አንድ ሽማግሌ በእጁ የሚያነሳው ተሳቢ ጭራው ከብዷል። ይህን በአሰብ መንገድ ላይ ያላየ ረዳት የለም።»

ነገሩ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አላሰብነውም። የተሳቢው መጋጠሚያ ከጠቅላላው ክብደት ወደ 10 በመቶ ገደማ ወደ ታች መጫን አለበት፤ የጎታቹ መኪና መጽሐፍ ከሚፈቅደውም ማለፍ የለበትም። ለኛ ወደ 150 ኪሎ ነበር የሚገባው። የሌላው መኪና ሞተር ከፊት ስለሆነ አፍንጫውን ወደፊት አድርጎ ሲጫን ክብደቱ ወደ ጎታቹ ያደላል። የቮልስ ሞተር ግን ከኋላ ነው፤ ከክብደቷ ስድስት እጁ ገደማ የሚያርፈው በኋላ ጎማዎቿ ላይ ነው። እንደ ሌሎቹ ስንጭናት ክብደቱን ወስደን የተሳቢው ጭራ ላይ አስቀመጥነው። የተሳቢው ጭራ ሲከብድ መጋጠሚያው ይቀልላል፤ መጋጠሚያው ሲቀልል ተሳቢው እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዛል። አንድ የጭነት መኪና ነፋስ ይበቃዋል።

ሁለት መፍትሔ አለ። ተሳቢው ረጅም ከሆነ መኪናዋን ወደፊት ገፋ አድርጎ ማሳረፍ፤ ካልሆነ ማዞር። የኛ ተሳቢ አጭር ነበር። ስለዚህ ተሳቢውን መልሰን አጋጥመን፣ ቀበቶዎቹን ፈትተን፣ ልጁ ታኮውን ይዞ፣ ቮልሷን በዊንቹ እያዘገምን አወረድናት፤ በእጅ ገፍተን አዞርናት፤ በጭራዋ በኩል መልሰን አወጣናት። ጋሼ በአንድ በኩል ቁጭ ብለው የፕራዶውን ኋላ እያዩ «ትንሽ ወደፊት… በቃ፣ ቁም» ይሉ ነበር። ፕራዶው ዝቅ አለ። እንደገና አሰርን።

አንድ ነገር ቀረ። የቮልስ የሞተር ክዳን የተንጠለጠለው ከላይ ነው፤ የሚከፈተው ከታች ነው። ወደኋላ ስትጫን ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ያነሳዋል። በዚያ የተወገዘ የናይለን ገመድ ክዳኑን አሰርነው፤ ለዚህ ጥሩ ገመድ ነበር። መስኮቶቿን ዘጋን፤ ውስጥ የነበረውን ልቅ ብረት ሁሉ አወጣን።

ከባከስ ማርሽ እስከ ሰንሻይን በ80 ሄድን። ተሳቢው ንቅንቅ አላለም። የሚያልፉን ሰዎች ጭራዋን ወደፊት አድርጋ የምትሄደውን ቮልስ እያዩ ጡሩንባ ያሰሙ ነበር፤ አንዲት ሴትዮ በመስኮት ወጥታ ፎቶ አነሳችን። ጋሼ ለሁሉም እጃቸውን አነሱ።

አሁን ቮልሷ በሰንሻይን በአንድ ወገናችን ጋራዥ ውስጥ ቆማለች። ስትጠገን ምን እንደሚደረግ ግን ገና አልተወሰነም። በቪክቶሪያ ከ25 ዓመት በላይ የሆነው መኪና የታወቀ ክለብ አባል ለሆነ ሰው በክለብ ፈቃድ፣ በዓመት 45 ወይም 90 ቀን፣ በመዝገብ እየተጻፈ ይነዳል፤ መጀመሪያ ሲወጣ ለሷ ዕድሜ የቴክኒክ ብቃት ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ጋሼ ግን ሲገዟት ያሰቡት ሌላ ነበር። ጠግነው፣ ቀለም ቀብተው፣ ወንድማቸው ወዳለበት አዲስ አበባ ሊልኳት ነበር። ይህን የነገሩን ባከስ ማርሽ ላይ፣ ቀበቶ እየወጠርን ሳለ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪና እንዳይገባ መከልከሏን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ወዳጃችን ነገራቸው። ጋሼ የያዙትን ቀበቶ አንድ ጊዜ አጠበቁና «እሱን አዲስ አበባ ያሉት ይጨነቁበት፤ አንተ ያንን ጎን ወጥር» አሉ።

የፊታችን ቅዳሜ ሞተሩ ይወርዳል። የቮልስ ሞተር ከማርሹ ጋር የተያዘው በ4 ብሎን ነው፤ ሆኖም ክብደቱን የሚችል ዝቅተኛ ክሪክ ከጎማ ጋር ያስፈልገናል። ያለው ሰው ካለ ፉትስክሬይ ቡና ቤቱ ጎራ ብሎ ለጋሼ ይንገርልን። ልጁ ከወዲሁ ታኮውን ይዞ እንደሚመጣ ተናግሯል።